እሳቱ እኮ ደጅ ነው፤ ወዴት እናውጣው?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ጥብቅ የሣር ምድር አጠገብ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው የምሠራው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ የማታ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ከእንግዶች ጋር ለመግባባት አላንስም። በቅርቡ አለቃዬ ለጎብኚ የምንሰጠውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሚው አለኝ። ተረጎምኩት፤ ታተመ። የመጀመሪያዎቹ ፈረንሳዮች አነበቡትና ሳቁ። አንዱማ «እሳታችሁን ውጭ አስቀምጡት ይላል፤ እሳቱ እኮ ደጅ ነው፤ ወዴት እናውጣው?» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በኋላ መርምሬ ሳየው ያበላሸሁት ሁሉ ፍሬዛል ቨርብ ላይ ነው። ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚያወጣባቸው፣ ጊቭ አፕ፣ ተርን አፕ፣ ፑት አውት የሚባሉት ጉዶች። ወንድሜ አምስት መቶ ፍሬዛል ቨርብ ከነፈረንሳይኛ ፍቺው የያዘ ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝና «ሸምድጂ» አለኝ። ልሸምድድ? አለቃዬንስ ምን ልበለው? እሱ እስካሁን አልሰማም።

እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከመንዝ

መልስ

እታለም፣ አትሸምድጂ።

ዝርዝሩን ከስልክሽ አጥፊው እያልኩሽ አይደለም፤ ይቀመጥ። ግን አምስት መቶውን ብትጨርሺ አምስት መቶ አንደኛው ነገ ይመጣል። ደግሞም እንዲህ ያለ ዝርዝር ለአንድ ፍሬዛል ቨርብ አንድ ፍቺ ሰጥቶ ማለፍ ይወዳል። ፑት አውትን እንይ። እሳት ከሆነ ማጥፋት ነው፤ ፈረንሳዩ ኤቴንድር ይላል። የቆሻሻ ቅርጫት ከሆነ ደጅ ማውጣት ነው፤ ሶርቲር። እጅ ከሆነ መዘርጋት ነው፤ ታንድር። መጽሔት ከሆነ ማሳተም ነው፤ ፑብሊዬ። ዝርዝሩ ከነዚህ አንዱን ብቻ ከጻፈልሽ በቀሩት ሦስቱ ጉድ ይሠራሻል።

ወረቀትሽን ከነእንግሊዝኛው ስለላክሽልኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። ፍሬዛል ቨርብ በሌለበት ቦታ ፈረንሳይኛሽ የሚያሳፍር አይደለም። እንስትና ተባዕቱን ለይተሻል፤ ብዙ ቁጥሩንም አልሳትሽም። ስለዚህ ቋንቋውን እንደማያውቅ ሰው ከ«ቦንዡር» አልጀምርልሽም።

ያሳሳተሽ ቃላቱን አንድ በአንድ መፍታትሽ ነው። እስቲ አንድ ፈረንጅ መዝገበ ቃላት ይዞ «ሰውየው ዝም አለ» የሚለውን ሲፈታ አስቢው። «አለ» ማለት ተናገረ ነው። ስለዚህ ሰውየው ዝም የሚል ንግግር ተናገረ ብሎ ይጽፋል። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ብቅ አለ» ላይም እንዲሁ ይወድቃል። አንቺ ግን እነዚህን ስትናገሪ አትበታትኛቸውም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሐሳብ ናቸው። ለእንግሊዙም ጊቭ አፕ እንደዚያው ነው። ጊቭን ለብቻ፣ አፕን ለብቻ ፈትተሽ «ነ ዶኔ ፓ አን ኦ» ብለሽ ስትጽፊለት፣ ፈረንሳዩ «ወደ ላይ አትስጡ» ተብሎ የተነገረው ነው የመሰለው። ምን ይስጥ? ለማን?

እንግዲህ እኔ የምመክርሽ ይኼን ነው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር አንብቢ። ወረቀቱን ገልብጪው። ያነበብሽውን ለእናትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ በአማርኛ በይው፤ የመጽሐፍ አማርኛ ሳይሆን የቤት አማርኛ። ከዚያ የአማርኛውን ማሰሪያ አንቀጽ ያዢ። የፈረንሳይኛው ዋና ግስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ለምን መሰለሽ? እንግሊዝኛ «ሂ ራን አውት» ሲል ግሱ መሮጥ ነው። መውጣቱን የምትነግረን ያቺ ትንሿ «አውት» ናት። አማርኛ ደግሞ «ሮጦ ወጣ» ይላል። ማሰሪያው ወጣ ነው፤ መሮጡ በቦዝ አንቀጽ ከፊት ገብቷል። ፈረንሳይኛ «ኢል ኤ ሶርቲ አን ኩራን» ይላል። ግሱ ወጣ ነው፤ መሮጡ ከኋላ ተከትሏል። አየሽ? ፈረንሳይኛና አማርኛ ከቃል ቅደም ተከተሉ በቀር አንድ ዓይነት ናቸው። የተለየው እንግሊዝኛ ነው። «ጀማን ዋኝቶ ተሻገረ» በይ። ተሻገረ፣ ትራቬርሴ። ዋኝቶ፣ አ ላ ናዥ። እንግሊዙ ግን ግሱን መዋኘት አድርጎ መሻገሩን ለ«አክሮስ» ይተዋል።

ይኼ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዣን ፖል ቪኔ እና ዣን ዳርበልኔ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ይህንን ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚደረግ የቦታ ልውውጥ «ሻሴ ክሯዜ» ብለው ጽፈውበታል። የፈረንሳይኛ ትርጉም ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በኋላም ሊዮናርድ ታልሚ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር የዓለምን ቋንቋዎች የእንቅስቃሴን አቅጣጫ በግሱ ውስጥ የሚይዙና ከግሱ ውጭ የሚያስቀምጡ ብሎ ለሁለት ሲከፍል፣ እነ ፈረንሳይኛንና የሴም ቋንቋዎችን በአንድ ወገን፣ እንግሊዝኛን በሌላው ወገን አድርጓቸዋል። አማርኛ የሴም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ስትሄጂ መንገዱ በቤትሽ በኩል ያልፋል። ብዙ ልጆቻችን ግን እንግሊዝኛ ከተማሩ በኋላ ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ በኩል ነው የሚማሩት። መጻሕፍቱም እንደዚያ ናቸው። አማርኛውን በር ላይ ጫማ እንደሚወለቅ አውልቀው ይገባሉ፤ ኪሳራው ይሄ ነው።

አንድ የምትጠነቀቂበት ቦታ አለ። «ወደ ቤት ሮጦ ገባ» ለማለት «ኢል አ ኩሩ ዳን ላ ሜዞን» ብትዪ፣ ፈረንሳዩ የሚሰማው ሰውየው ቤት ውስጥ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ነው። መግባቱን ከፈለግሽ አንትሬ የሚለው ግስ የግድ መምጣት አለበት።

አንዳንዴ ደግሞ የመጣበትን ሁኔታ ጭራሽ መተው ይሻላል። እንግሊዙ «ወደ ክፍሉ ተራምዶ ገባ» ማለት ይወዳል። አንቺ በአማርኛ ለእናትሽ ስትነግሪ «ገባ» ነው የምትዪው፤ ሰው ሌላ በምን ይገባል? ፈረንሳዩም አንትሬ ብሎ ያበቃል። መኪና ከሆነ ደግሞ በመኪና ይባላል። የጣርማ በርን ዋሻ በመኪና አለፍን ለማለት እንግሊዙ «ድሮቭ ስሩ» ሲል፣ ፈረንሳዩ «ኑ ዛቮን ትራቬርሴ ለ ቱኔል አን ቯቱር» ይላል። በመኪና አቋረጥን። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስትመጪ «ወራጅ አለ!» ብለሽ ትጮሂ የለ? እንግሊዙ «ጌት ኦፍ» ይላል። ፈረንሳዩ ግን እንዳንቺው ወራጅ ነው፤ «ዠ ዴሳን ኢሲ» ይላል።

ስለዚህ የምትሸመድጂው ነገር ካስፈለገሽ እነዚህን የመንቀሳቀስ ግሶች አጥብቀሽ ያዢ፦ አንትሬ (መግባት)፣ ሶርቲር (ደጅ መውጣት)፣ ሞንቴ (ወደ ላይ መውጣት)፣ ዴሳንድር (መውረድ)፣ ፓርቲር (መሄድ)፣ አሪቬ (መድረስ)፣ ፓሴ (ማለፍ)፣ ትራቬርሴ (መሻገር)፣ ረቭኒር (ተመልሶ መምጣት)፣ ራንትሬ (ወደ ቤት መግባት)። ከፍሬዛል ቨርቦችሽ ውስጥ ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ገብተው ያልቃሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ባለፈ ጊዜ ከረዳት ግሱ ከኤትር (መሆን) ጋር ሲሄዱ አንዳንዴ ከሌላው ረዳት ግስ ከአቭዋር (መኖር፣ «አለኝ» የሚባለው) ጋር ይሄዳሉ፤ ተማሪ ሁሉ የሚደናበርበት ነው። ለእነ ሞንቴ፣ ዴሳንድር፣ ሶርቲርና ራንትሬ አማርኛሽን ጠይቂው። «ወደ ላይ ወጣ» ላይ «ን» የለችም፤ ኤትር ነው፣ ኢል ኤ ሞንቴ። «ሻንጣውን አወጣ»፣ «ደረጃውን ወጣ» ላይ «ን» አለች፤ አቭዋር ነው፣ ኢል አ ሞንቴ። ያቺ «ን» ድርጊቱ የሚያርፍበት ነገር እንዳለ ነው የምትነግርሽ። የፈረንሳይኛውም ሕግ የሚጠይቀው እሱኑ ነው።

አሁን ወደ ወረቀትሽ።

ከእሳቱ ልጀምር፤ እሱ ቀልድ ብቻ አይደለም። በበጋ ያ ሁሉ ደረቅ ሣር ባለበት አገር የእሳት ማስጠንቀቂያ አጠራጣሪ ሆኖ ሊታተም አይገባም። በአማርኛ «እሳታችሁን በደንብ አጥፉ» ነው። «ኤቴኜ ቢያን ቮትር ፈ» ብለሽ ጻፊ። ይቺን መስመር ማተሚያ ቤት ሳትጠብቂ ዛሬውኑ በእስክርቢቶ አስተካክያት።

«ዶንት ጊቭ አፕ»፦ ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚጠብቁትን እንግዶች ነው የምታጽናኑት። በአማርኛ «ተስፋ አትቁረጡ» ነው። በፈረንሳይኛ «ነ ቩ ዴኩራዤ ፓ» ይበቃል። ጊቭ አፕ ሌላ ቦታ ሲመጣ ግን ይቺን እንዳትደግሚያት። ሲጋራ ሲሆን አቆመ ነው፤ አሬቴ ደ ፉሜ። ወንበሩን ለአሮጊት ሲለቅ ለቀቀ ነው፤ ሴዴ። ሽፍታ ለፖሊስ ሲሆን እጁን ሰጠ ነው፤ ስ ራንድር። እንግሊዝኛው አንድ ነው፤ አማርኛው ግን አራት ግስ አወጣ፤ ፈረንሳይኛውም አራት። አማርኛው ለይቶልሽ ካበቃ በኋላ ፈረንሳይኛውን መፈለግ ቀላል ነው።

«ተርን አፕ»፦ ይቺ የምወዳት ናት። «ለ ሉ ፐ ቱርኔ አን ኦ» ብለሻል፤ ቀበሮው ወደ ላይ ሊዞር ይችላል። በአማርኛ ቀበሮው «ብቅ ሊል ይችላል» አይደል የሚባለው? መዝገበ ቃላት ብታዪ ሱርዢር የሚል ታገኛለሽ። ስሕተት አይደለም። ግን ሱርዢር ውስጥ ድንገት ዱብ የማለት ስሜት አለ፤ የሚያስደነግጥ ነው። አይጥና ፍልፈል የሚያድን እንስሳ ነው፤ እንግዳውን ምን አስፈራው? «ስ ሞንትሬ» በይው፣ ራሱን ሊያሳይ ይችላል። እግረ መንገድሽን ሉ ብቻ ከምትዪ «ሉ ዳቢሲኒ» በዪው፤ ፈረንሳዮች ቀይ ቀበሮን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ሉ ብቻ ካልሽው የአገሩ ተኩላ ነው የሚታየው።

ስለ ጭላዳዎቹ የጻፍሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዝኛው ማለዳ ገደሉን «ክላይም አፕ»፣ ማታ «ክላይም ዳውን» ይላል። አንቺ ለሁለቱም ግራምፔ የሚለውን ግስ ተጠቅመሽ ላይና ታች ጨመርሽበት። ግራምፔ መንጠላጠል ነው፤ ወደ ታች መንጠላጠል ለፈረንሳይኛ ጆሮ አይጥምም። በአማርኛ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ ነው። ማታ ማታ ገደሉ ላይ ስለሚያድሩ መውጣትና መውረዳቸው የየዕለት ነው። ስለዚህ «ረሞንት» እና «ረዴሳንድ» ማለት ይቻላል። ያቺ «ረ» ደግሞ መመላለሱን ትነግራለች።

ቀጥሎ «ሸፍል አሎንግ» የሚል አለ። ይህንን ባዶ ትተሽ አለፍሽው፤ ከገባኝ ፈርተሽው ነው። ጓሳ አጠገብ የኖረ ሰው ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ፣ ሳይነሳ በመቀመጫው ሲሄድ አይቷል። ምን ትዪዋለሽ? «እየተንፏቀቁ ይሄዳሉ» ትያለሽ። በቃ፤ ማሰሪያው ይሄዳሉ ነው፣ አቫንሴ። መንፏቀቁ ይከተላል። «ኢል አቫንስ አሲ፣ አን ስ ትሬናን ሱር ለ ዴሪዬር»። እንግሊዝኛውን ሳይሆን እንስሳውን ስታስቢ ወዲያው መጣ። «ዲግ አፕ» ያለው ደግሞ ሥር ቆፍረው ያወጣሉ ነው። እዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ከእኛም ያጥራል፤ ዴቴሬ ብቻ። ከመሬት ማውጣት ማለት ነው።

«ኪፕ አወይ» ላይ ግራ የገባሽ ይመስላል። እንግሊዝኛው «ራቅ ብላችሁ ቆዩ» ብሎ ያዛል። የእኛ ሰው ግን «አትጠጉ» ነው የሚለው። ፈረንሳዩም እንደዚያው፤ «ን ቩ ዛፕሮሼ ፓ ትሮ»። አዎንታው አሉታ መሆኑ አያስጨንቅሽ። «ራን አወይ» ይሸሻሉ ነው፣ «ኢል ሳንፍዊ»። መሮጣቸውን መናገር አያስፈልግም፤ የሚሸሽ መቼ ያዘግማል? «ፒክ አፕ» ለቆሻሻ ሲሆን ራማሴ ነው። «ራፕ አፕ ዋርም» ላይ አንቭሎፔ ያልሽውን ግን ቶሎ አውጪው። እንግዳው እንደ ፖስታ ሊታሸግ ነው! «ደህና አድርጋችሁ ልበሱ» ለማለት «ኩቭሬ ቩ ቢያን» በዪ። ብርዱን እኛ እናውቀዋለን፤ እነሱ «አፍሪካ» ብለው በካኒቴራ ይመጣሉ። የመንዝ ባና የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ካላችሁ እዚያው ላይ ጻፉት።

አንድ ሌላም ቆንጆ ነገር አለ፤ የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ ያልሆኑ ግን እንደነሱ ጅራት ያላቸው ግሶች። ሉክ ፎር፣ ዌይት ፎር፣ ሉክ አት፣ ሊስን ቱ። ሰው ጅራቷን ወደ ፈረንሳይኛ ይዟት ይሄዳል፤ «አታንድር ፑር ለ ቡስ» ይላል። አንቺ በአማርኛ አውቶቡሱን ጠበቅኩ፣ ቁልፉን ፈለግኩ፣ ሬዲዮ አዳመጥኩ ነው የምትዪው። ምንም መስተዋድድ የለም። ፈረንሳይኛም የለውም። አታንድር፣ ሼርሼ፣ ኤኩቴ፣ ረጋርዴ፤ ሁሉም ነገሩን በቀጥታ ይይዛሉ።

ማስደረግ ሲሆንም አማርኛ ይረዳሻል። «ሴንድ ፎር» የሚለውን ሐኪም አስመጣ በዪው። የእኛ «አስ» ለፈረንሳዩ ፌር ናት፤ ፌር ቨኒር። አስገባው፣ ፌር አንትሬ። አስጠበቀኝ፣ ፌር አታንድር።

አማርኛን ይህን ያህል ካመሰገንኩት የሚከዳሽንም ልንገርሽ።

ዋናው ያ ቦዝ አንቀጽ ነው። «ሮጣ ወጣች» እና «ቡናዋን ጠጥታ ወጣች» በአማርኛ አንድ መልክ አላቸው። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው እንዴት እንደወጣች ይነግራል። ሁለተኛው ከመውጣቷ በፊት ምን እንደሠራች ነው። ፈረንሳይኛ «አን ቡቫን» ካልሽው ስኒዋን ይዛ እየጠጣች ደጅ ወጣች ማለት ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ «እየ» አስገቢበት። «እየሮጠች ወጣች» ስትዪ ትርጉሙ አልተነካም፤ ስለዚህ አን ኩራን ይሆናል። «እየጠጣች ወጣች» ስትዪ ግን ነገሩ ተቀየረ፤ ስለዚህ «አፕሬ አቭዋር ቡ ሶን ካፌ» ብለሽ ጀምሪ። ይህቺን ፈተና ልማድ ካደረግሻት ሌላው ቀላል ነው።

ሁለተኛው ተመለሰ ነው። የእኛ ተመለሰ ሰፊ ነው፤ ፈረንሳዩ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። እንግዳውን «ለከርሞ እዚህ ትመለሳላችሁ?» ስትዪው ረቭኒር ነው፣ ወደ ተናጋሪው ስለሆነ። «ነገ ደግሞ አንኮበር ትመለሳላችሁ?» ስትዪ ረቱርኔ ነው። ወደ ቤት፣ ወደ ማደሪያ ሲሆን ራንትሬ ነው። ስለዚህ «ማታ ቤት ገባሁ» ለማለት አንትሬ አትበዪ፤ ራንትሬ በዪ።

ሦስተኛው ጠበቀ ነው፤ ወረቀትሽም ላይ ወጥመድ ሆኗል። እንግሊዝኛው የአካባቢው ሰው ሣሩን «ሉክ አፍተር» ያደርጋል ይላል። አንቺ ይጠብቃል አልሽ፤ ደግ። ከዚያ ግን አታንድር ብለሽ ጻፍሽ! የመንዝ ገበሬ ሣሩ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ የሚጠባበቅ ሆነ። አባቶቻችን ጓሳን ስንት ዘመን በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀው አቆይተው ይኼ ይባሉ? ፕሮቴዤ በዪው። ልጅ መጠበቅ ሲሆን ጋርዴ ወይም ሶኪፔ ደ ነው። ስለዚህ አማርኛሽ ሁለት ነገር የሚል ከሆነ ሌላ አማርኛ ፈልጊለት። «ይንከባከባል» ብትዪው ኖሮ አታንድር ባልመጣ ነበር።

አንድ አቋራጭም አለ፤ በልክ ተጠቀሚበት። ኖርማኖች በፈረንጆቹ 1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ እንግሊዝኛ በፈረንሳይኛ ቃል ተሞልቷል። ስለዚህ ለብዙ ፍሬዛል ቨርብ ከጎኑ ኮስተር ያለ የፈረንሳይ ዘመድ ቃል አለው። ካሪ ኦን ስትዪ ኮንቲኒው አለ፤ ወደ ኮንቲኑዌ ይወስድሻል። ፋይንድ አውት ስትዪ ዲስከቨር አለ፤ ዴኩቭሪር። ኮስተር ያለው ቃል እንግሊዝኛ ላይ የቢሮ ቢመስልም ፈረንሳይኛ ላይ የገበያ ነው፤ አትፍሪው። ግን ዘመድ መሳዮችም አሉ። ሱፖርቴ ዋና ትርጉሙ መደገፍ አይደለም፤ መቻል፣ መታገስ ነው፤ ፑት አፕ ዊዝ የሚሉት። አለቃሽን እንደምትደግፊው ለፈረንሳዮች ልትነግሪ ብለሽ «ዠ ሱፖርት ሞን ሼፍ» ብትዪ፣ «ምን ላድርግ፣ ችዬው ነው የምኖረው» ማለትሽ ነው። መደገፍ ሱትኒር ነው። ሌት ዳውን የሚለውም ዴስቭዋር ነው፤ ዴሴፕሲዮን ደግሞ ማታለል ሳይሆን የጠበቁትን ማጣት ነው።

ስልክሽ ላይ ያለውን የትርጉም መተግበሪያም አልከለክልሽም። ፍሬዛል ቨርቡን ብቻውን አትስጪው እንጂ። ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ስጪውና ያወጣውን መልሰሽ ወደ አማርኛ አስገቢው። አማርኛው እናትሽ የሚገባት ከሆነ ምናልባት ልክ ነው። መዝገበ ቃላትም ስትከፍቺ ግሱን ብቻ አትዪ። ከፍቺው አጠገብ በቅንፍ «እሳት»፣ «ልብስ»፣ «ስብሰባ» የሚሉ ቃላት አሉ። ቴክ ኦፍ ለልብስ አንልቬ፣ ለአውሮፕላን ዴኮሌ የሚሆነው በዚያች ቅንፍ ነው። ሰው ሁሉ ዘሏት ያልፋል።

ስለ አለቃሽ። ከእንግዳ ሳይሰማ አንቺ ንገሪው፤ ዛሬ ነገ አትበዪ። ግን ባዶ እጅሽን አትግቢ። «ወረቀቱ ተበላሽቷል» ካልሽው የማተሚያው ሒሳብ ነው ፊቱ የሚመጣው። የታረሙትን መስመሮች በአንዲት ቁራጭ ወረቀት አዘጋጂና «ጋሼ፣ ጥቂት መስመሮች ማስተካከያ ይፈልጋሉ፤ ይቺን ቁራጭ ውስጡ እንክተትበት፤ ሙሉውን በሚቀጥለው እትም እናርመዋለን» በዪው። ወጪው የፎቶ ኮፒ ነው። ከተቆጣም ይቆጣ። ቋንቋው የማይነበብለት ሰው ሥራውን ሰጥቶሽ ሲያበቃ አንድም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንዲያየው አላደረገም፤ ይኼ የአንቺ ብቻ ጥፋት አይደለም። እሱን ግን ለእሱ አትንገሪው።

በነገራችን ላይ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል መቆም ለሸዋ ሰው አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ አንኮበር ገብቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ተዋዋለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1843 ደግሞ ሮሼ ዴሪኩር በፈረንሳይ ስም ውል ተፈራረመ። ንጉሡ ሁለቱንም በየተራ አስተናግደዋል፤ አንቺም በአንድ ወረቀት አያቅትሽም።

ቁራጯን ከማባዛትሽ በፊት ግን ማታ እንግዶች እራት በልተው ሲያበቁ ስጫቸውና እስክርቢቶ አቀብያቸው። ፈረንሳይ ቋንቋውን አርምልኝ ሲሉት ደስ ይለዋል። «ልክ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ለትሕትና ሲል ልክ ነው ይላል። «እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይጽፉታል?» በያቸው። ሁለት እንግዶች ሁለት ዓይነት ከጻፉልሽ ደግሞ አጭሩን ውሰጂ፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለሽም።